የገዳይ አባት

ኩሩ ሰው ነኝ። የዋርካ ማርያም አገር ሰው፣ የሚወደኝም የማይወደኝም፣ በዚህ አንድ ነገር ይስማማል። ሰው ቤት ስጠራ በር አጠገብ አልቀመጥም። በበሬ ጉዳይ ማንንም አላማክርም። በርበሬዬ ቡሬ ገበያ ገና ከአህያ ሳይወርድ «የያለው ወንዳወቅ ነው» ይባላል፤ ቀለሙ ይለያል። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። እሺ፣ ለመመካትም ነው።

ግን እስከ ስልሳ ዓመቴ ድረስ አንድ ነገር ጎድሎኝ ኖሬአለሁ። ሰው አልገደልኩም።

ዛሬ ይህን ስናገር ምላሴ ይከብዳል፤ ያኔ ግን የሚከብደኝ አለመግደሌ ነበር። አባቴ ወንዳወቅ በጣሊያን ጊዜ ዱር ገብቶ የተዋጋ አርበኛ ነው። ሲሞት ምንሽር ጠመንጃውን አወረሰኝ። ስሙን ግን ማውረስ አልቻለም፤ እሱ በእጅ የሚሠራ ነገር ነው። በእኛ አገር ሰርግ ላይ ጠላው ገፋ ሲል፣ ዳሱ ሲሞቅ፣ ወንድ እየተነሳ ይፎክራል። የገደለ ሰው መሣሪያውን ይዞ መሐል ይገባና «ገዳይ!» እያለ ስሙን ይጠራል፤ ሴቶቹ በእልልታ ያነሱታል፤ የተቀመጠው ሁሉ ቦታ ይለቅለታል። ያልገደለ ሰው ደግሞ የአባቱን ግዳይ ይጠራል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የአባቴን ጠራሁ። ጎረቤቴ አምላኩ በደርግ ጊዜ ሰሜን ዘምቶ የተመለሰ ነው፤ እሱ የራሱን ይጠራል። እኔ ፎክሬ ስቀመጥ ጠጋ ይልና «ያለው፣ የአባትህ ግዳይ እስካሁን አላለቀም?» ይለኛል። በያንዳንዱ ሰርግ ላይ፣ ሳይሰለቸው። እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን በትንሽ በትልቁ ሚስቴን አየለችን እቆጣለሁ፤ እሷም ከየት እንዳመጣሁት ታውቃለች።

ልጄ ደረሰ የተወለደው በእንዲህ ያለ አባት ቤት ነው። አየለች ሦስት ልጅ ከሞተባት በኋላ ለማርያም ተስላ ያገኘችው ነውና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ዳዊት ደገመ፣ ዜማ ተማረ፣ ዲያቆን ሆነ። ቅዳሴ ላይ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ከዋርካው ሥር ያንቀላፋች አሮጊት ሳትቀር ብድግ ትላለች። ለቅዳሴ ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ደብራችን ያለው ሦስት ብቻ ነው፤ ከሦስቱም ድምፅ ያለው እሱ ነው። አስተዳዳሪያችን ቄሰ ገበዝ ክንፈሚካኤል ለሰው ሁሉ «ከእኔ በኋላ ቦታዬ የደረሰ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ገበሬ ልጁ ቄሰ ገበዝ ሊሆን ነው ሲባል መኩራት አለበት። ኮርቻለሁ። ግን ሰርግ በመጣ ቁጥር የአምላኩ ጥርስ ይታየኛል።

በ1991 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ሲበረታ ቀበሌው ሰብስቦ ዘማች ጠየቀ። ዲያቆን ማንም አልጠየቀም፤ ይህ ይታወቅልኝ። የላክሁት እኔ ነኝ። ሂድ ብዬ አላዘዝኩትም፤ እንደዚያ ቢሆን ይሻል ነበር። ማታ ማታ እራት ሲቀርብ ለማንም ሳይሆን ለምሰሶው፣ «የወንዳወቅ የልጅ ልጅ እንግዲህ ዳዊቱን ታቅፎ ይቀመጥ፤ የሰው ልጅ ይሙትለት» እል ነበር። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሁለት ሳምንት። በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ ዳዊቱን በማኅደሩ ከትቶ ለእናቱ ሰጠና ከዘማቾቹ ጋር ወደ ፍኖተ ሰላም ወረደ። አየለች አላለቀሰችም። ለስድስት ወር ያህል ግን ከምግብና ከውሃ በቀር ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ነገር አልነበራትም።

ጦርነቱ አልቆ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ተመለሰ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ ግን ሙሉ ነው፣ እጁም እግሩም አለ። አንገቱን አቅፌ ሦስቴ ከሳምኩት በኋላ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ስንት ጣልክ?» ብዬ ነው። ደህና ነህ ወይ አላልኩም። እሱም ቆም ብሎ አየኝና «አባየ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር…» ሲል ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «ቆይ ቆይ፣ ቤት ስንገባ ሰው ባለበት ታወራልናለህ» አልኩት። ሳቄ መናኸሪያውን ሞላው። እሱ አፉን ዘጋ።

ቤት ገብተን ሰው ሁሉ ቢሰበሰብም አላወራም። እሁድ ቅዳሴ ግባ ሲሉት «እግሬን ያመኛል፤ እስክድን» አለ። ሌላ እሁድ «ሰውነቴ ገና አልጸናም» አለ። ነጠላውን አጣፍቶ ከቅጽሩ በር አጠገብ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል፤ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አይገባም። ዲያቆን አሁንም ከጎረቤት ደብር እየተለመነ ይመጣል። ሰው ሲጠይቀኝ «የጨዋ ልጅ ነው፤ ያየውን በልቡ ይዞ ነው፤ ይለቀዋል» እላለሁ። በልቤ ግን ቢያንስ ሦስት ገድሏል ብዬ ቆርጫለሁ። ለምን ሦስት እንዳልኩ አላውቅም። አምላኩ ሁለት ስለሚል ይመስለኛል።

ጥር 14 አምላኩ ልጁን እሌኒን ዳረ። ዳሱ ጢም ብሏል፤ ቄሰ ገበዙና ካህናቱ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ደረሰ ግን ከብት ሊያይ ቀርቷል። አምላኩ በገዛ ልጁ ሰርግ ተነስቶ ፎከረ፤ ያው ሁለቱን ጠራ። ወደ እኔ ዞር ሲል ያ ፈገግታው መጣ። እኔ ብድግ አልኩ። ምንሽሩን አስመጣሁ። ዛሬ ስለ አባቴ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፦

ዘራፍ! ዘራፍ የደረሰ አባት!
ዳዊት የደገመ ጠመንጃ አንግቶ፣
ሦስቱን ጥሎ መጣ ከምሽጉ ገብቶ!

እልልታው ዳሱን አነሳው። አንዲት ሴትዮ ከወገቧ መቀነት ፈትታ ግንባሬ ላይ አሰረች። አምላኩ ራሱ ተነስቶ ብርሌውን በሁለት እጁ አቀበለኝ። አርባ ዓመት የተጠማሁት ነገር እንዲህ ነው የሚጣፍጠው ለካ! እስከ አሁንም ጣዕሙን አልክድም። ደስ አለኝ፣ ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ፣ በሃያ ዓመት አነስኩ። ከላይ ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንደማይጠጡ፣ እንደማይበሉ፣ ዝም ብለው እኔን እኔን እንደሚያዩ ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጧት መጡ። አየለች ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልቀመጥም አሉ።

«ያለው፣ ትናንት በሰው ፊት የተናገርከው ነገር እውነት ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው አባ? ጦር ሜዳ አይደል የነበረ? ጦር ሜዳ ሄዶ ምን ሊያደርግ ኖሯል?»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ሦስት ሰው ገድሏል ብለሃል። እጁ ሰው የገደለ ዲያቆን መቅደስ እንደማይገባ ታውቃለህ? በጦር ሜዳም ቢሆን፣ ለአገርም ቢሆን። ለወታደሩ ንስሐ አለው፤ ዲያቆኑ ግን ድቁናው ይቀራል። ቅስናም የለ፣ ምንም የለ። ይህን ታውቃለህ?»

በማርያም እላለሁ፣ አላውቅም ነበር። ወይም አንድ ጊዜ ሰምቼ ረስቼው ይሆናል። ስልሳ ዓመት ቅዳሴ አስቀድሼ የመቅደሱን ሕግ ሳላውቅ የሰርጉን ሕግ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሳቸው ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ እኔ ቁጭ አልኩ።

«ልጁን አልጠየቁትም?» አለች አየለች።

«ጠይቄዋለሁ። ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ማሳ ላይ አገኘሁት። ‹እስከ ማርያም ይታገሡኝ› አለኝ። እታገሠዋለሁ። ያለው፣ አንተ ግን ከዋሸህ፣ የዋሸኸው በሕዝብ ፊት ነውና በሕዝብ ፊት ታፈርሰዋለህ። ካልዋሸህ ደግሞ…» አሉና የቀረውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ጥር 21 የደብራችን ንግሥ ነው፤ አስተርእዮ ማርያም። ስድስት ቀን ነው የቀረኝ።

እንግዲህ ሰው ሊለኝ ይችላል፣ ለምን ልጅህን ራስህ አልጠየቅኸውም? አየለችም በየቀኑ እንደዚያ ነው ያለችኝ። «አንተ ሰው፣ አንድ ቃል ነው፤ ገድለሃል ወይስ አልገደልክም በለው!» እኔ ግን በሬ ልፈልግ እላለሁ፣ አጥር ልጠግን እላለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነው። ገድያለሁ ቢለኝ ቄሰ ገበዙን ልጄን አጣዋለሁ። አልገደልኩም ቢለኝ ጀግናውን ልጄን አጣዋለሁ። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። አንድ ልጅ ወልጄ ሁለት ሰው እንዲሆንልኝ እፈልግ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ማሳ ላይ አብረን ነበርን፤ ዘር የሚሆን በርበሬ እየለየን። ደረሰ ጣቶቹ አይፈጥኑም። አንዱን ዛላ ያነሳል፣ ያየዋል፣ ሌላ ሐሳብ ይዞት ይሄዳል።

«ለአባ ‹እስከ ማርያም› ያልካቸው ለምንድን ነው?» አልኩት። ዙሪያውን መሄዴ ነው።

«እርስዎ ባሉበት እንዲሆን ብዬ ነው አባየ።»

«ምኑ?»

የያዘውን ዛላ አስቀመጠ። «ሰርጉ ላይ ያሉትን ሰማሁ» አለ። ሳይቆጣ ነው ያለው። ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ አልኩ። ልጁ አልገደለም! አባቱን ውሸታም ላለማሰኘት ነው ዝም ያለው፤ ድቁናውን ሊያጣ፣ ቦታውን ሊያጣ፣ እኔን ግን በሰው ፊት ላያዋርድ ነው። እንዴት ያለ ልጅ ነው የወለድኩት! ደረቴ ተነፋ፤ ግን ልጁን ነጻ የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። በእኛ አገር በሐሰት ግዳይ የጠራ ሰው ምን እንደሚባል ልነግራችሁ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ሰርግ ላይ መሣሪያ የሚያቀብለው የለም። ልጆቹ ሲጣሉ እንኳ የሱ ስም ነው የሚነሳው። አምላኩ እስኪሞት ይስቅብኛል፤ ሞቶም ቢሆን ልጆቹ ይስቁብኛል።

ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ። በመጨረሻ ለአየለች «ማርያም ዕለት ዋሽቻለሁ እላለሁ» አልኳት። ሚስቴ ሠላሳ አምስት ዓመት ከእኔ ጋር ስትኖር እጄን በሰው ፊት ይዛኝ አታውቅም። ያን ዕለት ንግሥ ስንሄድ ቅጽሩ በር ድረስ እጄን ይዛኝ ሄደች።

ንግሡ ደማቅ ነበር። ከቡሬ የመጣ አለ፣ ከደምበጫ የመጣ አለ፣ የከተማ አስተማሪዎች አሉ፤ ሜዳው ነጭ በነጭ ሆኗል። ታቦቱ ዞሮ ገባ፤ ቄሰ ገበዙ ትምህርታቸውን ጨረሱና «የምትናገሩት ያላችሁ» አሉ። እኔን ነው ያዩት። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ አጣፋሁ። ሰው ሲለምን እንደሚያደርገው ወገቤ ላይ አሰርኩት።

«የዋርካ ማርያም ሰዎች» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «በአምላኩ ዳስ ምን እንዳልኩ ሰምታችኋል። ልጄ ሦስት ሰው ገደለ ብያለሁ። ልጄ አልነገረኝም። ከራሴ አውጥቼ ነው የተናገርኩት። ዋሽቻለሁ። ደረሰ ማንንም አልገደለም፤ እጁ ንጹሕ ነው፤ ወደ አገልግሎቱ ይመለስ። ፍርዱ በእኔ ላይ ይሁን።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አምላኩን ለማየት አልደፈርኩም፤ መሬት መሬት አየሁ። ይህ ነው እንግዲህ አልኩ፤ አለቀ፤ ቢያንስ ልጄ ገባ።

«አባየ አልዋሹም።»

ደረሰ ነው። ከዛፉ ሥር፣ ከቅጽሩ በር አጠገብ፣ ሰው እያሳለፈው ወደ መሐል መጣ። ሁለት ዓመት ያልሰማነው ያ ድምፁ ወጣ።

«ሦስት አይደለም። አንድ ነው። ገድያለሁ።»

ከዚያ እልል አሉ።

አልፈርድባቸውም። ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ አፋቸው ለምዶ ነው። ገዳይ ሲባል ሴቱ እልል ይላል፣ ወንዱ ጎሽ ይላል፤ ከሕፃንነታችን እንደዚህ ነው የምናውቀው። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ ሜዳው በሙሉ አነሳው። አምላኩ በሁለት እጁ ዱላውን ከፍ አድርጎ «ጎሽ! የወንዳወቅ ዘር! ጎሽ የያለው ልጅ!» ይላል፤ ከልቡ ነው፣ ቂም የለበትም። አንዳንዱ ትከሻዬን ይመታኛል። ውሸታም አይደለሁም! ግዳዩ እውነት ነው! የገዳይ አባት ነኝ፣ በታቦት ፊት፣ በአራት አገር ሰው ፊት!

እኔ ልጄን አየሁት። በእልልታው መሐል እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየተናገረ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም። መናኸሪያው ትዝ አለኝ። እኔ ስስቅ አፉን እንዴት እንደዘጋ። ለአንድ ወር ከዛፍ ሥር የቆመው፣ የሚነግረው ሰው ሁሉ ጎሽ ስለሚለው ነው። ኃጢአቱን የሚያወርድበት ትከሻ አጥቶ ነው። እናቱ ብቻ ከሴቶቹ መሐል እልል አላለችም።

ዱላዬን አነሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም።

«ዝም በሉ! ዝም በሉ እላችኋለሁ! ልጄ ንስሐ እየገባ ነው፤ ሰርግ መሰላችሁ?»

እልልታው ተቆረጠ። አንዲት ሴት ብቻ ሳትሰማ ትንሽ ቀጠለችና ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አምላኩ ዱላውን ቀስ ብሎ አወረደ። ወደ ልጄ ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

«ተናገር ልጄ» አልኩት። «አሁን እሰማሃለሁ።»

ተናገረ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ሲተኩስ ወደ ላይ ይተኩስ እንደነበር፣ ከጎኑ ያሉትም ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጉ እንደነበር፣ እርስ በርሳቸው ግን እንደማይነጋገሩበት አወራ። ሩቅ ያለ ሰው ላይ መተኮስ እንደ ሥራ እንደሚቀል፣ ወድቆ ይሁን ተኝቶ እንኳ እንደማይታወቅ። በግንቦት ምሽጉ ሲሰበር ግን አንድ ጠማማ ቦታ ላይ ዞር ሲል ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። በእድሜ እኩያው ነው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፤ በእጁ ጀሪካን ይዟል።

«ጀሪካኑን አስቀመጠ» አለ ደረሰ። «እጁን ሊያነሳ ይሁን መሣሪያውን ሊያወርድ እስካሁን አላውቅም። እሱም እኔን እያየ ነበር። ቀደምኩት።»

እጁን እያየ ቀጠለ።

«ውሃ ከጠጣሁ ሁለት ቀኔ ነበር። እሱ ገና አልሞተም፤ እኔ ግን ጀሪካኑን አንስቼ ጠጣሁ። ቆሜ፣ እስኪበቃኝ። ጠጥቼ ልክ እንደ ልማዴ ላማትብ እጄን ሳነሳ አንገቱን አየሁት። ማተብ አለው። እንደኔ ጥቁር ክር፣ ጫፉ ላይ የእንጨት መስቀል ያለው። ዓይኑ የኔን እጅ ያያል። አላማተብኩም። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን በር ውስጥ ማማተብ አልሆነልኝም።»

ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረና በጉልበቱ ወደቀ። «እስካሁን ዝም ያልኩት አባቴን ለማሳጣት አይደለም። ለማን እንደምነግር ስላላወቅሁ ነው። ዛሬ አባቴ ለእኔ ብለው ራሳቸውን ሲያዋርዱ አየሁ። ከዚህ በኋላ እንዴት ዝም ልበል?»

ቄሰ ገበዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ቆመው ሲቀድሱ እንኳ መቋሚያ ይደገፋሉ። መቋሚያውን ለዲያቆን ሰጡና ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ራሱ ላይ አኖሩ። ያሳደጉት ልጅ ነው።

«ድቁናህ ቀርቷል ደረሰ» አሉ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «መቅደስ አትገባም፤ ይህ ሕጉ ነው፣ የኔ አይደለም። ንስሐህን ግን እሰጥሃለሁ፤ እሱ የኔና የአንተ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ያለው፣ አንተስ? ቅድም አልገደለም ብለህ ነበር።»

«ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ አባ» አልኩ። «ገደለ ስልም አላውቅም፣ አልገደለም ስልም አላውቅም። እኔ ቤት እውነት የተናገረው አንድ ልጅ ነው። እሱም ይኸው።»

ይህን ስናገር አንገቴ ቀጥ ብሎ ነው። ሰው ይገርመው እንደሆነ እንጂ ያን ዕለት የኮራሁትን ያህል በእድሜዬ ኮርቼ አላውቅም። ዳሱ ውስጥ የኮራሁት ኩራት ጠላው ሲወርድ አብሮ የሚወርድ ነበር። ይኼኛው ግን አልወረደም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ አለ። ገድሎ የሚፎክርማ ሞልቷል፤ አርባ ዓመት ሰምቻለሁ። ገድያለሁ ብሎ፣ እልልታ እየዘነበለት፣ ድቁናውን በገዛ አፉ የጣለ ሰው ግን አንድ ብቻ አይቻለሁ። ልጄ ነው። ደረሰ ያለው ይባላል።

አየለች መጥታ ከመሬት አነሳችው። ሦስታችንም ወደ ቤት ሄድን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ደረሰ ቆመና «አባየ፣ ስሙን አላውቅም» አለኝ። «ማተብ አስሮ የክርስትና ስም የሌለው የለም። ለጸሎት እንኳ ማን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል» አልኩት። እየተራመድኩ አሰብኩና «ተዝካሩን ግን እናወጣለን» አልኩ።

እናቱ «በሬ አለ» አለች፤ እኔ ሳልጠይቃት።

ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሳምንት አንዱን በሬዬን ጣልኩ። ቦራውን፣ ግንባረ ነጩን፣ የማልሸጠውን። ዳስ ተከልኩ፣ ካህናቱን ጠራሁ፣ ጎረቤቱን ጠራሁ፣ ድሆቹን ጠራሁ። ቄሰ ገበዙ ጸሎቱን አደረሱ፤ ስም የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርሱ «ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ» አሉ። ደረሰ ከዳሱ መሐል ተነስቶ ለእንግዶቹ ውሃ ያስታጥባል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ፣ ጎንበስ እያለ።

አምላኩ አጥሬ በር ላይ ቆሞ ነበር። መጥቷል፣ ግን አይገባም። ዱላውን በአንገቱ ላይ አጋድሞ ወደ ውስጥ ያያል። ያን ፈገግታውን ፈለግሁ፤ የለም። ፊቱ ከመቼውም ይልቅ አርጅቶ ታየኝ። ወደ በሩ ሄድኩ።

«ምነው አምላኩ? ሰው ጠርተን የሚቀር አለ?»

«ያለው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጠላት ተዝካር ይበላል እንዴ?»

«የጠላት አይደለም» አልኩት። «የቤተሰብ ነው። ግባ።»

ዱላውን ከአንገቱ አውርዶ አጥሩ ላይ አስደገፈና ገባ፤ እጁን ደረሰ ለሚያፈስሰው ውሃ ዘረጋ።